የሽንት ቤቱ መቀመጫ ለምን ይዙር?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ግንበኛ ነኝ፤ ሃይማኖቴ ኦርቶዶክስ ነው። አሁን የአንድ ሙስሊም ነጋዴ ቤት እየሠራሁ ነው። የሽንት ቤቱን መቀመጫ ልተክል ስል ሰውዬው መጡና «ይሄ ወደ ቂብላ ነው፣ አዙረው» አሉኝ። ገንዘቡ የሳቸው ነው፣ አዞርኩት። ነገሩ ግን አልገባኝም። ጅዳ ያለችው እህቴ እዚያ ሰዉ የሚሰግደው ወደ ምሥራቅ ነው ትላለች። እኚህ ሰው የሚሰግዱት ወደ ሰሜን ነው። የቱ ነው ልክ? የሚሰገደውስ ለዚያ ጥቁር ቤት ነው እንዴ? የስልኬ ኮምፓስም አንዴ እንዲህ፣ አንዴ እንዲያ እያለ አስቸግሮኛል።

መልስ፦ እንዴት ከረምክ ወንድሜ? እኔ ጂኦግራፊ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ የማርቆስ ሙስሊም ነኝ። ጥያቄህ ለሌላ ሰው ቢደርስ ኖሮ ይቆጨኝ ነበር።

እህትህም ልክ ናት፣ ሰውዬውም ልክ ናቸው። ቂብላ ማለት ስንሰግድ ፊታችንን የምናዞርበት አቅጣጫ ነው፤ የእኛው መካ ያለው ካዕባ ነው፣ አንተ ጥቁር ቤት ያልከው። ጅዳ ከመካ በስተ ምዕራብ ስለሆነች እዚያ ያለ ሰው ወደ ምሥራቅ ይዞራል። እኛ ደግሞ ከመካ በስተ ደቡብ ነን። ሐረር ያለ ሰው ከሰሜን ትንሽ ወደ ግራ ይላል፣ ጎጃም ያለ ትንሽ ወደ ቀኝ። ባሕር ዳር ላይ ሐይቁ ዳር የሚሰግድ ሰው ፊቱ ወደ ጣና ነው። እናንተ ለጸሎት ስትቆሙ የትም አገር ብትሆኑ ምሥራቅ ያው ምሥራቅ ነው። የእኛው ግን አገር በተቀየረ ቁጥር ይቀየራል።

ወደ መቀመጫው ልምጣ። ነብዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ለመጸዳዳት የሚቀመጥ ሰው ፊቱንም ጀርባውንም ለቂብላ እንዳይሰጥ አዘዋል። «ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ዙሩ» ነው ያሉት። ይህን ያሉት ለመዲና ሰዎች ነው፤ መዲና ላይ ቂብላው ወደ ደቡብ ነውና። ለእኛም ይሠራል፣ የእኛው ወደ ሰሜን ስለሆነ። ትእዛዙ ሜዳ ላይ ለሚጸዳዳ ነው እንጂ ግድግዳ ካለ ችግር የለውም ያሉ ዑለማዎችም (የሃይማኖት ሊቃውንትም) አሉ። ደንበኛህ ጥንቃቄውን መረጡ። እኔም ብሆን ሲሚንቶው ሳይደርቅ አስዞርህ ነበር።

ለጥቁሩ ቤት ነው ወይ ላልከው፣ አይደለም። ሶላት ለአላህ ብቻ ነው። ይህን የሚጠይቀኝ ሰው ሲመጣ የማነሳው የአገራችንን ሰው፣ የነብዩን ባልደረባ ቢላልን ነው። በ630 ዓ.ም. እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሙስሊሞች መካን ሲይዙ ሐበሻው ቢላል ካዕባ ጣሪያ ላይ ወጥቶ አዛን አለ። ማን ነው የሚያመልከውን ነገር በእግሩ የሚረግጥ? የነብዩ ባልደረባ ዑመርም ካዕባው ጥግ ላይ ያለውን ጥቁር ድንጋይ ሲስሙ «የማትጠቅም የማትጎዳ ድንጋይ እንደሆንክ አውቃለሁ፤ ነብዩ ሲስሙህ ባላይ አልስምህም ነበር» ማለታቸው የታወቀ ነው። ቁርኣኑም ሱረቱል በቀራ በሚባለው ምዕራፍ ፊትን ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ ማዞር ብቻውን በጎነት እንዳልሆነ ይናገራል። ወዲያው ስለ እምነት፣ ለዘመድና ለየቲም ስለ መስጠት፣ ቃልን ስለ መጠበቅ ይቀጥላል።

እንዲያውም ቂብላው ከመጀመሪያው መካ አልነበረም። ነብዩ ወደ መዲና ከተሰደዱ በኋላ 16 ወይም 17 ወር ያህል የተሰገደው ወደ በይተል መቅዲስ፣ ወደ ኢየሩሳሌም ነው። ከዚያ ወደ ካዕባ እንዲዞሩ ታዘዙ። ወሬው መዲና አጠገብ ያለችው ቁባእ የደረሰው ሰዉ የንጋት ሶላት ላይ እያለ ነው። ሶላቱን አላቋረጡም፤ በቆሙበት ዞሩ። አንተ የግንባታ ሰው ነህ፣ አስበው። ኢየሩሳሌም ከመዲና ወደ ሰሜን፣ መካ ወደ ደቡብ ናት። የፊቱ ግድግዳ የኋላ ሆነ ማለት ነው።

ያን ጊዜ የነብዩ የአጎት ልጅ ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብና ሌሎች ከመካ የመጡ ሙስሊም ስደተኞች እዚሁ ሐበሻ፣ ንጉሡ ነጃሺ ዘንድ ነበሩ። ካርታ ስለምወድ እኔ ሁሌም የምመለስባት ነገር አለች። ከአክሱም ብትነሳ ኢየሩሳሌም ከሰሜን 10 ዲግሪ ገደማ ወደ ግራ ናት፣ መካ 8 ዲግሪ ገደማ ወደ ቀኝ። መዲና ላይ ሙሉ ጀርባ ያስዞረ ትእዛዝ በዚህ አገር ትከሻን ትንሽ ዘወር ማድረግ ብቻ ነው። ክፍል ውስጥ ይህንን በገመድ ሳሳይ ክርስቲያን ተማሪዎቼ ነበሩ ቀድመው «ኧረ!» የሚሉት።

አሁን ልኬቱ። ኮምፓስህ የሚያስቸግርህ ፌሮ አጠገብ ስለያዝከው ይመስለኛል። ከብረትና ከቆርቆሮ ራቅ በል። ከፍኖተ ሰላም ቂብላው ከሰሜን ወደ ምሥራቅ 12 ዲግሪ አካባቢ ነው። በሜትርህ ስታስበው፣ ወደ ሰሜን 1 ሜትር ሂድና ወደ ቀኝ 22 ሳንቲ ግባ። በጥቂቱ ብትስት አትጨነቅ። ከካዕባ ርቆ ላለ ሰው አቅጣጫው ይበቃል የሚሉ ዑለማዎች ብዙ ናቸው። አቅጣጫው ጭራሽ የጠፋበት መንገደኛም የሚችለውን ያህል ገምቶ ይሰግዳል።

ያለ ስልክ ማረጋገጥ ከፈለግህ ቱንቢህ ይበቃሃል። በዓመት ሁለት ጊዜ ፀሐይ ልክ ካዕባ አናት ላይ ትቆማለች። አንዱ ግንቦት 19 ወይም 20 ነው፣ ቀን 6 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ላይ። የእኛና የመካ ሰዓት አንድ ስለሆነ ማስላት አያስፈልግህም። (ስንት ዓመት ግንቦት 20 ተማሪ ይዤ ተሰልፌአለሁ፤ ያን ሁሉ ጊዜ ጥላችን ቂብላውን ሲያሳየን ነበር!) ደልዳላ መሬት ላይ ቱንቢውን አንጠልጥል። የክሩ ጥላ ጫፍ ላይ ቆመህ ወደ ቱንቢው ተመልከት፤ ፊትህ መካ ነው። 1 ሜትር ክር 20 ሳንቲ ገደማ ጥላ ይጥላል። ቀኑ በአንድ ሁለት ቀን ቢያልፍህም ብዙ አይዛባም።

ሁለተኛው ሐምሌ 8 ወይም 9 ነው፣ 6 ሰዓት ከ27 ላይ። እሱን ግን ለጎጃም ሰው አልመክርም። በሐምሌ ፀሐይ ከየት ታመጣለህ?