ደሴ ላይ ለምሽት ጓሮ የሚሆን ነጭ አበባ፦ ብርድ የሚጠብቀውና ዝናብ የሚጠብቀው

ሰላም ለእርስዎ ይሁን፣ እህታችን። የጠየቁት፣ ደሴ ካለው ጓሮዎ አንዱን ጥግ በነጭ ቱሊፕና በነጭ ናርሲስ ሞልተው ከሥራ መልስ ቡና የሚጠጡበት የምሽት ቦታ ለማድረግ፣ ኮረቶቹን መቼና እንዴት መትከል እንዳለብዎ ነው። እኔም እዚያው ደሴ፣ በጦሳ ተራራ ግርጌ ባለ ተዳፋት ጓሮ ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ ይህንኑ ስሞክር ስለቆየሁ ያየሁትን ልንገርዎ። ኮረት ስል እንደ ሽንኩርት ከመሬት በታች ስንቁን ቋጥሮ የሚያድረውን የተክል ክፍል ማለቴ ነው፤ በኮምፒውተር የተተረጎሙ አንዳንድ ጽሑፎች «አምፖል» ሲሉት አይቻለሁና፣ ስለ ምሽት ጓሮ በሚወራበት ጊዜ ይህ ስያሜ ጭራሽ ያደናግራል።

በመጀመሪያው ዓመት ዘመድ ከሆላንድ ያመጣልኝን 40 የነጭ ቱሊፕ ኮረት ጥቅምት ላይ እንደመጣ ተከልኩት። ቅጠሉ በቀለ፣ እኔም ደስ አለኝ፤ አበባው ግን ግንድ አጥቶ ከቅጠሉ መካከል እንደተቀረቀረ ደረቀ፣ የሚበዛውም ጭራሽ አላበበም። ጥፋቱ የአፈሩም የውሃውም አልነበረም። ቱሊፕ ዘሩ ከማዕከላዊ እስያ ተራሮች የመጣ ስለሆነ፣ ግንዱ እንዲመዘዝ ከ9 ዲግሪ በታች በሆነ ብርድ ውስጥ ከ12 እስከ 14 ሳምንት መቆየት አለበት። የደሴ ሌሊት በኅዳርና በታኅሣሥ እንደሚያንቀጠቅጥ፣ ወደ ቦሩ ሜዳ ወጣ ቢሉም ሜዳው ውርጭ ለብሶ እንደሚያድር ያውቃሉ፤ ነገር ግን ሌሊት የቀዘቀዘውን መሬት የቀኑ ፀሐይ መልሶ ስለሚያሞቀው፣ ኮረቱ ያለበት አፈር ያን ያህል ሳምንት ሳያቋርጥ ቀዝቅዞ አይቆይም።

ስለዚህ ቱሊፕ ካልተከልኩ የሚሉ ከሆነ፣ ኮረቱን በመስከረም አጋማሽ በወረቀት ከረጢት አድርገው ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጡት፣ በታኅሣሥ መጨረሻ ወይም በጥር መጀመሪያ ይትከሉት፤ ከበልጉ ዝናብ ጋር ያብብልዎታል። ከበሰለ ሙዝ፣ ማንጎና ፖም ጋር ግን በአንድ ፍሪጅ አያኑሩት፤ ፍሬ ሲበስል የሚያወጣው ኤትሊን የተባለ ጋዝ በኮረቱ ውስጥ የተጸነሰውን አበባ ይገድለዋል። መብራት ለሰዓታት ሲጠፋ የፍሪጁን በር አለመክፈት ይበቃል። ይህን ሁሉ ደክመውበት አንድ ጊዜ ካበበ በኋላ በሚቀጥለው ዓመት ተመልሶ እንዲያብብ መጠበቅ ግን አይገባም፤ እንደ ዓመታዊ አበባ ቆጥረው ይጣሉት። በእኔ ግምት ለድግስ ካልሆነ በቀር ድካሙን አያወጣም።

ነጭ ናርሲስ ግን የተለየ ነው፤ ዝርያውን ከመረጡ ማለቴ ነው። ፔፐርዋይት የሚባለው፣ በአንድ ግንድ ላይ ብዙ ትንንሽ ነጭ አበቦች የሚይዘው፣ መነሻው የሜዲትራኒያን ዳርቻ ስለሆነ የብርድ ግዴታ የለበትም። እኔ ጥቅምት ላይ፣ ክረምቱ ወጥቶ አፈሩ እርጥበቱን ሳይጨርስ እተክለዋለሁ፤ ሁለት ወር ሳይሞላ ያብባል። ሽታው ከባድ ስለሆነ በቤት ውስጥ ራስ የሚያመው ሰው አለ፣ በጓሮ ግን ይጣፍጣል። ኮረቱ መርዛማ መሆኑን ደግሞ ቤተሰቡ ሁሉ ይወቅ፤ ከቀይ ሽንኩርት ጋር ስለሚመሳሰል ወጥ ቤት አካባቢ ማስቀመጥ አደጋ ነው።

በጥያቄዎ «የጸደይ አበባ» ብለዋል። በእኛ አቆጣጠር ጸደይ መጋቢት 26 የሚገባው፣ ወሎዬው በልግ የሚለው ወቅት ነው፤ ምድሪቱ በአበባ የምትሸፈነው ግን ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ ነው። የፈረንጁ የጸደይ አበባ ብርዱን አሳልፎ ይነሣል፣ የእኛው ደግሞ ደረቁን በጋ ከመሬት በታች ተኝቶ አሳልፎ በዝናብ ይነሣል። ይህን ከተረዳሁ ወዲህ ነው ጓሮዬ የተስተካከለው፤ ፊቴን ከቱሊፕ ወደ ክረምት ኮረቶች አዞርኩ።

ከእነርሱ ሁሉ የምመክርዎ አንድ የግላዲዮለስ ዝርያ አለ፤ በሳይንሳዊ ስሙ ግላዲዮለስ ሙሪዬሌ ይባላል፣ የአውሮፓ ነጋዴዎች ደግሞ «የአቢሲኒያ ግላዲዮለስ» እያሉ ይሸጡታል። ከአገራችን ጀምሮ እስከ ማላዊና ሞዛምቢክ ድረስ በዱር የሚበቅል የምሥራቅ አፍሪካ ልጅ ሆኖ ሳለ፣ እኔ የመጀመሪያዎቹን 25 ኮረቶች ያገኘሁት የሆላንድ ማሸጊያ ውስጥ ነው፤ ይህ አሁንም ያስቀኛል። አበባው ነጭ ሆኖ መሐሉ ጥቁር ወይን ጠጅ ነው፣ አንገቱ ቀጭንና ረጅም ነው፣ መዓዛውም ሲመሽ ይበረታል። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም፤ በዚያ ረጅም አንገት ውስጥ ያለውን ማር የሚደርሱበት ረጅም ምላስ ያላቸው ትልልቅ የእሳት እራቶች ስለሆኑ፣ አበባው በነጭነቱም በሽታውም የሚጠራው እነርሱን ነው። በግንቦት መጨረሻ ወይም በሰኔ መጀመሪያ ከተከሉት፣ ከሦስት ወር በኋላ፣ ማለትም ከነሐሴ መጨረሻ እስከ መስከረም ያብባል። ኅዳር ላይ ቅጠሉ ሲደርቅ ውሃ አያጠጡት፣ ሳይነቅሉት ደርቆ ይተኛ። አውሮፓውያን በረዶ እንዳይገድልባቸው በየዓመቱ ይነቅሉታል፣ እኛ ከዚህ ድካም ነፃ ነን። በዱር ቢያገኙት ግን ኮረቱን አይቆፍሩ፤ ዘሩን ለቅመው ችግኝ ያፍሉ።

ካላ ሊሊ ውሃ የማይለየው ጥግ ካለዎት ደሴ ላይ ያለ ችግር ይበቅላል፤ በሳይንሳዊ ስሙ «የኢትዮጵያ» ቢባልም አገሩ ደቡብ አፍሪካ ነው። ምሽት ላይ የሚሸተው ቱቤሮዝ ግን ሙቀት ስለሚወድ ለኮምቦልቻ ሰዎች ይቅር።

አተካከሉን በሚመለከት፣ ኮረቱን የቁመቱን ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ያህል ጥልቀት፣ ጫፉን ወደ ላይ አድርጎ መቅበር በቂ ነው፤ ግላዲዮለሱ ግን በነፋስ እንዳይወድቅ 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ይግባ። አፈርዎ ዋልካ ከሆነ ከፍ ያለ መደብ ሠርተው አሸዋና የበሰለ ብስባሽ ይቀላቅሉበት፣ ውሃ ካቆረ በሐምሌ ይበሰብሳልና፤ ያልበሰለ ፍግም ኮረቱን ያቃጥለዋል። ትልቁ ጠላቴ ግን ፍልፈል ነበር። በ2011 ዓ.ም. አንድ ረድፍ ግላዲዮለስ ከሥር እየጎተተ ጨርሶብኛል፤ ከዚያ ወዲህ የመደቡን ታችና ጎን በዶሮ ሽቦ ለብጬ ነው የምተክለው። ናርሲሱን በመርዙ ምክንያት አይነካውም።

አሁን ወደ ምሽቱ። ደሴ ላይ ፀሐይ በጦሳ በኩል ስለምትጠልቅ፣ የተራራው ጥላ ጓሮውን ከጨለማው ቀድሞ ይሸፍነዋል፤ ፀሐይ ከገባች በኋላ ግን ድንግዝግዙ ከግማሽ ሰዓት አያልፍም። በዚያች ሰዓት ዓይናችን አስቀድሞ የሚያጣው ቀይን ነው፤ ቀይ ጽጌረዳ ጥቁር ሲመስል ነጩ ገና ይታያል። ስለዚህ ነጩን በየቦታው አይበትኑት፤ ከመቀመጫው ሁለትና ሦስት ሜትር ርቀት ላይ፣ ከበስተኋላው ጥቁር አረንጓዴ አጥር አድርገው፣ ከ20 የማያንሰውን በአንድነት ያስፍሩት። ኃይለኛ የደጅ መብራት ካለ ያጥፉት፤ የእሳት እራቶቹን ከአበባው ያርቃቸዋል።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ዕጣን ከጨሰ የአበባው ሽታ ፈጽሞ አይሰማም። እኛ ቤት ማጨሻው አቦልና ቶና እስኪጠጣ ይቆያል፣ በረካው ሲቀዳ ወደ ቤት ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ነው ጓሮው መሽተት የሚጀምረው።