ለኦክቶበርፌስት አልጋ የት እንያዝ? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ስለ ሙኒኩ የቢራ ፌስቲቫል የላካችሁልኝ ጥያቄዎች ተጠራቅመዋል። ዛሬ ባንድ ላይ ልመልሳቸው።

ለማያውቀው ባጭሩ፦ ኦክቶበርፌስት በ1810 በባቫሪያው አልጋ ወራሽ ሉድቪግና በልዕልት ቴሬዜ ሠርግ የተጀመረ ነው። ዛሬም የሚደረገው በሙሽራዋ ስም በተሰየመው ሜዳ፣ ቴሬዚንቪዘ ላይ ነው። የ2026ቱ ከሴፕቴምበር 19 እስከ ኦክቶበር 4 ይቆያል፤ በእኛ ከመስከረም 9 እስከ 24 መሆኑ ነው። በ2025 ወደ 6.5 ሚሊዮን ሰው ጎብኝቶታል። ከተማዋ ያላት ነዋሪ ግን 1.6 ሚሊዮን ቢሆን ነው። የአልጋ ዋጋ ለምን እንደሚሰቀል ከዚህ በላይ ማስረዳት አያስፈልግም።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ አራት ጓደኛሞች ነን። የሄደ ሰው ሁሉ «ለሜዳው ቅርብ ሆቴል ያዙ» ይለናል። ዋጋው ግን የሚቀመስ አይደለም። የግድ ቅርብ መሆን አለብን?

የለባችሁም። እንደውም ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሆቴል የሚመርጠው ጠዋት እንዴት እንደሚሄድ እያሰበ ነው። ጠዋት መሄድ ምን ችግር አለው? ባህላዊ ልብስ የለበሰውን ሕዝብ ተከትሎ መራመድ ነው። ፈተናው ማታ መመለሱ ነው። ስለዚህ ሆቴሉን በመመለሻው ምረጡት።

ማታ የሚሆነው እንዲህ ነው። በፌስቲቫሉ ትልልቅ የቢራ ድንኳኖች ውስጥ ቢራ መቅዳት የሚቆመው ከምሽቱ 4፡30 ላይ ነው። ሙዚቃው ያበቃል፣ መብራቱ ቦግ ይላል፣ አሥር ሺዎች ባንዴ ወደ ውጭ ይፈሳሉ። አብዛኛው ሰው የሚያውቀው አንድ ጣቢያ ብቻ ነው፤ የሜዳውን ስም የያዘውን የቴሬዚንቪዘ ምድር ባቡር፣ ኡ-ባን። ደረጃው ላይ ሰው ከሰው ይጣበቃል። ሲብስ ጣቢያውን ለጊዜው ይዘጉታል። እናንተ ደግሞ እያንዳንዱ አንድ ሊትር የሆነ፣ የአልኮል መጠኑ 6 በመቶ ገደማ የሆነ ቢራ ጠጥታችኋል። የእኛ ጃምቦ እዚያ ሲደርስ ብርጭቆ ነው።

የሚያውቁት ወደዚያ ጣቢያ ዝር አይሉም። በስተሰሜን ሃከርብሩከ የሚባል የኤስ-ባን፣ ማለትም ከተማዋን ከዳርቻዋ የሚያገናኘው ባቡር፣ ጣቢያ አለ። በስተምሥራቅ ጎተፕላትስ፣ ወደ ደቡብ ፖቺሽትራሰ አሉ፤ ሁለቱም ኡ3 እና ኡ6 በሚባሉት የኡ-ባን መስመሮች ላይ ናቸው። የትኛውም በእግር ይደረሳል። እንግዲህ ሆቴላችሁን ከእነዚህ ከአንዱ ተነስታችሁ ባቡር ሳትቀይሩ የምትደርሱበት ቦታ ያዙ። ኤስ-ባን ከሆነ «ላይም» የሚባለው ሰፈር፣ ፓዚንግ ወይም በወዲያኛው በኩል ሃይድሃውዘን። ኡ3ና ኡ6 ከሆነ ዜንድሊንግ ወይም ሽቫቢንግ። ከጣቢያው እስከ ሆቴሉ የአሥር ደቂቃ እግር መንገድ በቂ ነው። ከዚያ ከበለጠ ማታ ያንገሸግሻችኋል።

በእግር እንመለስ ካላችሁ ቬስትኤንድ ጥሩ ሰፈር ነው፤ ዋጋውን ከቻላችሁት። በዋናው ባቡር ጣቢያና በሜዳው መካከል ያሉት ጎተሽትራሰንና ሺለርሽትራሰን የመሳሰሉ መንገዶች ሆቴል በሆቴል ናቸው፤ የአሥራ አምስት ደቂቃ መንገድ ነው። ግን ሌሊቱን ሙሉ ዘፈን አለ። ብዙ የቆዩ ሆቴሎች ኤሲ የላቸውም። መስኮት ትከፍታላችሁ፣ የጎዳናው ዝማሬ አልጋችሁ ድረስ ይገባል። «ወደ ግቢው የሚያይ ክፍል» ብላችሁ ጠይቁ።

ለአራት ጓደኛሞች ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ጀርመን ውስጥ የሁለት ሰው ክፍል ማለት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰፊ አልጋ ላይ ሁለት ፍራሽና ሁለት ብርድ ልብስ ማለት ነው። የተራራቁ አልጋዎች ከፈለጋችሁ ስትይዙ በግልጽ ጻፉ። እዚያ ደርሳችሁ ሪሴፕሽን ላይ ብትከራከሩ በዚያ ሰሞን ትርፍ ክፍል የለም።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ)፦ አንዱን ሆቴል በሁለት ዋጋ አየሁት። ቢሰረዝ ገንዘቡ የማይመለሰው በጣም ይረክሳል። ልዝጋው ወይስ ልጠብቅ?

ቀኑ ገና ሩቅ ከሆነ የሚሰረዘውን ያዢ። ዛሬውኑ። ከዚያ እየተመለስሽ ዋጋ ማየት ትችያለሽ። በቡድን አልጋ ይዘው የነበሩ ሰዎች የመሰረዣ ቀናቸው ሲደርስ ይለቃሉ፤ ያኔ የተሻለ ክፍል ብቅ ይላል። አዲሱን ያዢና አሮጌውን ሰርዢ። ቅደም ተከተሉን እንዳታገላብጪው ብቻ።

ታዲያ «በነጻ ይሰረዛል» የሚለውን አይተሽ አትለፊው። እስከ መቼ? በሌላው ወር እስከ ዋዜማው ድረስ የሚፈቅድ ሆቴል ለፌስቲቫሉ ሲሆን ከሳምንታት በፊት ሊቆርጥብሽ ይችላል። ሰዓቱም የሙኒክ እንጂ የሜሪላንድ አይደለም። አንዳንዶቹ ደግሞ ቢያንስ ሁለት ወይም ሦስት ሌሊት ካልሆነ አያከራዩም።

ከሆቴሉ በላይ ዋጋውን የሚወስነው ግን ቀኑ ነው። የመክፈቻው ቅዳሜና እሑድ፣ የመካከለኛው ቅዳሜና እሑድ፣ እንዲሁም የጀርመን የውህደት ቀን ኦክቶበር 3 እሳት ናቸው። በመካከለኛው ቅዳሜና እሑድ ጣልያኖች በገፍ ስለሚመጡ «የጣልያኖች ሰንበት» ብለውታል። በ2026 ያ እሑድ ሴፕቴምበር 27 ነው፤ ለእኛ መስቀል። ደመራንም ቢራውንም ባንድ ሰንበት አደርሳለሁ የሚል ካለ ጉልበቱን ይስጠው። ከሰኞ እስከ ረቡዕ ያለው የሳምንቱ ክፍል ይሻላል። አልጋውም ይረክሳል፣ ድንኳን ውስጥም ጠረጴዛ ሳያስይዙ በቀን ወንበር ይገኛል። መግቢያው ነጻ ነው፤ ገንዘቡ የሚያልቀው ውስጥ ነው። በ2025 አንድ ሊትር ቢራ ከ14.50 እስከ 15.80 ዩሮ ነበር።

አንድ መልካም ዜና፦ በርሊን የአዳር ግብር ታስከፍላለች። ሙኒክ ያለችበት ክልል ባቫሪያ ግን በ2023 ከልክላዋለች። ሙኒክ ውስጥ በዚህ ስም የሚጠይቅሽ ካለ ምንድን ነው ብለሽ ጠይቂ።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ ለሸንገን ቪዛ የሆቴል ማስያዣ ይጠየቃል። ቪዛው ቢከለከልስ?

ለዚህ ነው የሚሰረዝ አልጋ የምለው። ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው ስድስት ወር ቀድሞ ጀምሮ ነው፤ ቀጠሮ ለማግኘት የሚፈጀውን ጊዜም አስቡ። የማስያዣው ቀን ከአውሮፕላን ቲኬቱና ከ30 ሺህ ዩሮ የማያንሰው የጉዞ ኢንሹራንስ ቀን ጋር አንድ ይሁን። «በትንሽ ብር ወረቀት እናወጣለን» የሚሉትን ደላሎች ግን አትጠጉ። ቆንስላው ሆቴሉ ጋ ደውሎ ስማችሁ ከሌለ የምትከሱት ሰው አይኖርም።

ጥያቄ (ከፍራንክፈርት)፦ ያለ ሆቴል ደርሶ መልስ ብሄድስ?

ይቻላል። በፈጣኑ ባቡር ሦስት ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው። ጠዋት ወጥተህ፣ ቀኑን ውለህ፣ ምሳህን በልተህ በጊዜ መመለስ። ማታ ድንኳኑ እስኪዘጋ ቆይቼ እሄዳለሁ ካልክ ግን ባቡር ጣቢያ ወንበር ላይ ታድራለህ።

መሃከለኛው መንገድ አውግስቡርግ ማደር ነው። ከሙኒክ በክልል ባቡር ሦስት ሩብ ሰዓት ያህል ነው። የዶይችላንድ ቲኬት የሚባለው ወርሃዊ የባቡር ትኬት ካለህ ተጨማሪ አትከፍልም፤ እሱ ፈጣኑ ባቡር ላይ ስለማይሠራ ግን ተጠንቀቅ። ከጓደኞችህ ጋር ከሆንክ እስከ አምስት ሰው የሚይዘውን የባቫሪያ የአንድ ቀን ትኬት፣ የባየርን ቲኬትን እይ፤ በሥራ ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ነው የሚሠራው። አውግስቡርግም ዋጋው ይጨምራል፣ እንደ ሙኒክ ግን አያብድም። የመጨረሻውን ባቡር ሰዓት ከመጀመሪያው ቢራ በፊት ስልክህ ላይ መዝግበው።

ጥያቄ (ከዱባይ)፦ እናቴን ለሕክምና ሙኒክ ልወስዳት ነው። ቀጠሮዋ ሴፕቴምበር 22 ሆነ። የሆቴል ዋጋ ሳይ ደነገጥኩ። ፌስቲቫል መኖሩን አላወቅኩም ነበር።

እግዜር ይማርልሽ። መጀመሪያ ሆስፒታሉን ጠይቂ። ሐኪሙ ለመዘግየት ችግር የለውም ካለ፣ ከኦክቶበር 4 በኋላ የአልጋው ዋጋ ወደ ቦታው ይመለሳል። አያዘገይም ካለ ፌስቲቫሉን እርሺውና ከሆስፒታሉ ተነሺ።

ሆስፒታሉ ሬሽትስ ዴር ኢዛር ከሆነ ሃይድሃውዘን ውስጥ፣ ማክስ ቬበር ፕላትስ ጣቢያ አጠገብ ነው። በዚያው በኡ4 መስመር መጨረሻ ላይ አራቤላፓርክ አለ። ከባሕረ ሰላጤው ለሕክምና የሚመጡ ቤተሰቦች የሚያርፉበት ሰፈር ስለሆነ ሆቴሎቹ የታማሚ ነገር ያውቃሉ። ግሮስሃደርን የሚባለው ሆስፒታል ከሆነ ደግሞ የኡ6 መስመር ነው። እዚያው ደቡብ ምዕራብ፣ በሆስፒታሉ ዙሪያ ባሉት ሰፈሮች ፈልጊ። ከመሃል ከተማ እየተመላለሳችሁ ከሆነ ግን ማታ ማታ ባቡሩ ከፖቺሽትራሰ ሰካራም ጭኖ ይመጣል። ለእናትሽ አይሆንም። ቀጠሮሽ ጠዋት ከሆነ ችግር የለውም።

ዋናውን ባቡር ጣቢያ አካባቢ ተዪው። ሐላል ምግቡ፣ የአረብ ሱቁ እዚያ ስለሆነ ይመቻል፤ በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ግን እንቅልፍ የለም። ማብሰያ ያለው ክፍል ካገኘሽ ጥቂት ጨምረሽም ቢሆን ውሰጂው። የታመመ ሰው የሆቴል ምግብ በሁለተኛው ቀን ይሰለቸዋል። አትሚት የምታፈይባት አንዲት ምድጃ ብትኖርሽ እንደ ቤትሽ ነው። ስትይዢ ሊፍት እስከ ክፍሉ ይደርስ እንደሆነም ጠይቂ። አንዳንድ የቆየ ሕንጻ ላይ ሊፍቱ የሚጀምረው ከአምስት ደረጃ በኋላ ነው።

ጥያቄ (ከነታንያ)፦ ልጆች ለሱኮት፣ ለአይሁድ የዳስ በዓል፣ ዕረፍት ላይ ናቸው። አንዱ አምስት፣ አንዷ ሁለት ዓመቷ ነው። ይዘናቸው ብንሄድ ያስኬዳል?

ያስኬዳል፣ ግን በቀን። ከስድስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ከወላጅ ጋርም ቢሆን ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ድንኳን ውስጥ መቆየት አይፈቀድለትም። የሕፃን ጋሪም ቅዳሜዎችና ኦክቶበር 3 ጨርሶ አይገባም፤ በሌሎቹ ቀናት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ነው። ለእናንተ የሚመቸው ማክሰኞ ሴፕቴምበር 29 ነው። የቤተሰብ ቀን ስለሆነ እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት የልጆች መጫወቻው ዋጋ ይቀንሳል።

ሆቴሉን ታልኪርኸን ወይም ኦበርዜንድሊንግ በኩል ፈልጉ። ኡ3 ቀጥታ ፖቺሽትራሰ ያወርዳችኋል። የሄላብሩን መካነ እንስሳትም ከታልኪርኸን ጣቢያ ቅርብ ነው። ልጆቹ ከጠገቡ በኋላ ሁለተኛውን ቀን እዚያ ማሳለፍ ነው። የታናሿን አልጋ በነጻ ይሰጡ እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ።

ጥያቄ (ከስቶክሆልም)፦ ሜዳው ጥግ ላይ አፓርታማ በግማሽ ዋጋ አገኘሁ። ባለቤቱ በባንክ ላክልኝ፣ ከድረ ገጹ ውጪ እንጨርስ ይለኛል።

ሌባ ነው። ተወው።

ጥያቄ (ከናይሮቢ)፦ አልጠጣም። ጓደኞቼ ግን እየጎተቱኝ ነው። አንድ ክፍል ብንጋራ ይሻላል?

በጭራሽ። ከሦስት ሊትር በኋላ የሚያንኮራፋ ሰው ጎን ያደረ ያውቀዋል። ሂድ፣ ድንኳኑን ማየት ደስ ይላል፤ አልኮል የሌለው ቢራም አለ። ክፍልህ ግን ለብቻህ ይሁን። ነጠላ ክፍል ከተወደደብህ ሌላ ሰፈር ያዝና እዚያው ተገናኙ። ሆስቴል ውስጥ ስምንት አልጋ ያለበት ክፍል የሚያሳዩህ ከሆነማ ዋጋው እንዳያታልልህ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ መብራት የሚያበራው የመጀመሪያው ሰው ያስረዳሃል።

ጥያቄ (ከሮም)፦ በመጨረሻው ቀን ከሆቴል ወጥተን፣ ቀኑን ፌስቲቫሉ ላይ ውለን ማታ በአውሮፕላን እንበር ብለናል። ሻንጣውስ?

ይዛችሁት አትገቡም። ከ3 ሊትር በላይ የሚይዝ ወይም ከ20 በ15 በ10 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ ቦርሳ በር ላይ ይመልሱታል፤ ተራ የጀርባ ቦርሳ እንኳ አያልፍም። ሆቴሉ ከወጣችሁ በኋላ ሻንጣ ያስቀምጥ እንደሆነ፣ እስከ ስንት ሰዓት እንደሆነም ጠይቁ። ሪሴፕሽኑ ማታ የሚዘጋ ትንሽ ሆቴል ከሆነ ጉድ ትሆናላችሁ። ወደ አየር ማረፊያው ኤስ1 ወይም ኤስ8 ሦስት ሩብ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ሁለቱም ሃከርብሩከ ላይ ይቆማሉ፤ ስለዚህ ሻንጣችሁ የተቀመጠው በዚያ መስመር ላይ ባለ ሆቴል ከሆነ ወደ ኋላ አትመለሱም።