የደሴ ወንድሜ፣ ግንበኛውን ሳይከታተሉ ባዮጋዝ አይጀምሩ

ደሴ ዙሪያ 5 የወተት ላሞች እንዳሉዎትና 6 ሜትር ኩብ የባዮጋዝ ማብላያ (ከእበት የማብሰያ ጋዝ የሚያወጣ የተገነባ ጉድጓድ) ማስገንባት ያዋጣ እንደሆነ ጠይቀዋል። ያዋጣል፤ እኔም ኮምቦልቻ ላይ በዚሁ መጠን እየተጠቀምሁ ነው።

1. ለዚህ መጠን በቀን 40 ኪሎ ገደማ እበት በእኩል ውሃ ተበጥብጦ መግባት አለበት። ላሞችዎ በረት የሚያድሩ ከሆነ እበቱ አይጎድልም። ለወጥ፣ ለሻይና ለቡና ይበቃል፤ እንጀራም ይጋገርበታል የሚልዎትን ግን አይመኑ።

2. ደሴ ከእኛ ይልቅ ብርዳማ ነው። እበቱን የሚያብላሉት ተሕዋስያን 35 ዲግሪ አካባቢ ሙቀት ስለሚስማማቸው ጉድጓዱ ፀሐይ በሚያገኝ ቦታ ይቆፈር።

3. ጋዙ የሚጠራቀምበት የማብላያው ጉልላት ከውስጥ ሲለሰን ከግንበኛው ራስ ላይ አይነሱ። ልስኑ በየተራ ተደራርቦ፣ መጨረሻ ላይም ሲሚንቶ በቀለም ተደባልቆ መቀባት ሲገባው፣ የእኔው ግንበኛ ሲሚንቶ ተወዷል ብሎ በአንድ ልስን ጨርሶ ቀሪ ሒሳቡን ተቀብሎ ሄደ። ማታ የጋዙን መዝጊያ ቫልቭ ዘግቼ ሳድር፣ ጋዙ ቢጠራቀም ኖሮ ጠዋት የተብላላው እበት በሚወጣበት በመውጫው ገንዳ ያለው ፈሳሽ ተገፍቶ ከፍ ማለት ነበረበት፤ እሱ ግን ከነበረበት ንቅንቅ አላለም። የቧንቧውን መገጣጠሚያዎች ሁሉ በሳሙና አረፋ ፈተሽኋቸው፤ አንድም ቦታ አልተንፈቀፈቀም። ጋዙ የሚያመልጠው በጉልላቱ ነበር ማለት ነው። ለሚመለከተው ቢሮ ሳመለክት ባለሙያው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «በእኛ መዝገብ ሥራው ተጠናቋል» አለኝ። በራሴ ወጪ አስጠርጌ፣ በሌላ ግንበኛ እንደገና አስለሰንሁት። ይህ ቢደርስብዎ፣ ጉድጓዱ በደንብ ሳይናፈስ ማንም ሰው እንዳይገባበት፣ እሳትም እንዳይቀርበው፤ ውስጡ የቀረው ጋዝ ሰው ያፍናል።

ያ ባለሙያ አሁን እንግዶች ይዞ ማብላያዬን የቢሮው ሥራ ነው እያለ ያስጎበኛል። ቡና አፍልተንለታል፤ በዚያው ጋዝ።

ማዳበሪያውን በተመለከተ፣ ከመውጫው የሚፈሰውን ዝቃጭ ፀሐይ ላይ አያስጡት፤ ለሰብል የሚጠቅመው ናይትሮጅኑ ይተናል። እኔ ጥላ ባለው ጉድጓድ ከገለባ ጋር እየደራረብሁ አብላላዋለሁ፤ በእሱ የበቀለው ቃሪያዬና ጎመኔ ጎረቤቶቼን ኬሻ አስይዞ ዝቃጭ አስለምኗል። የመውጫውን ገንዳ ግን ሁልጊዜ ይክደኑት፤ ልጅም ጥጃም ሊገባበት ይችላል። ለግንበኛው የመጨረሻውን ክፍያ የሚፈጽሙትም፣ ቫልቭ ተዘግቶ አድሮ ፈሳሹ ከፍ ማለቱን በዓይንዎ ካዩ በኋላ ይሁን፤ ይህንንም ሥራው ሳይጀመር በውሉ ላይ ያስጽፉ።