የበረራ ቋንቋ፦ ጠይቁ፣ ዲስፓቸሩ ይመልሳል

ዲስፓቸሩ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለማታውቁኝ፣ ሥራዬ ዲስፓቸር ነው። አውሮፕላን ከመነሳቱ በፊት መስመሩን፣ ነዳጁን፣ ክብደቱንና የአየሩን ጠባይ አስልቼ ከካፒቴኑ ጋር እፈራረማለሁ። ስለ ትኬት ዋጋ፣ ስለ ሻንጣ ኪሎና ስለ ሥራ ቅጥር አትጠይቁኝ፣ አልመልስም። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፦ «ከፍታ» ስትሉ ከምን? «ፍጥነት» ስትሉ የቱ? ይህን ሳትለዩ አትምጡ።

ሳሚ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ጋሼ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ዋሺንግተን ስመጣ ትኬቴ «ዳይሬክት» ይላል። አውሮፕላኑ ግን መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ቀዳ። ተሸወድኩ ማለት ነው?

ዲስፓቸሩ፦ አልተሸወድክም። ዳይሬክት ማለት የበረራ ቁጥሩ ከመነሻ እስከ መድረሻ አንድ ነው ማለት ነው፤ መሀል ላይ ማረፍን አይከለክልም። ሳያርፍ የሚሄደው ኖንስቶፕ ነው። ቁጥሩ ተቀይሮ ሌላ አውሮፕላን ስትሳፈር ደግሞ ኮኔክሽን ይባላል። በዚህ መስመር ሲሄዱ ማረፊያው አንዴ ደብሊን፣ አንዴ ሎሜ እየሆነ ተቀያይሯል። ሲመለስ ግን ከዋሺንግተን ተነስቶ በቀጥታ ቦሌ ይገባል። አሁን ለምን በለኝ።

ሳሚ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ እሺ፣ ለምን?

ዲስፓቸሩ፦ ተባረክ። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር ይበልጣል፣ በጫማ ወደ 7600 ነው። የዋሺንግተኑ ደለስ 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል። ክንፉም የሚያነሳው፣ ሞተሩም የሚገፋው በዚያው አየር ነው። ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ የባሰ ይሳሳል። ሁለቱን አንድ ላይ የሚለካው ቃል ዴንሲቲ አልቲትዩድ ነው፤ አየሩ በመሳሳቱ ምክንያት አውሮፕላኑ «እዚህ ነኝ» ብሎ የሚያስበው ከፍታ ማለት ነው።

ወረቀት ያዙ። በመደበኛ አየር ባሕር ወለል ላይ 15 ዲግሪ ነው፣ በየ1000 ጫማው 2 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ 7600 ጫማ ላይ መደበኛው ሙቀት ዜሮ አካባቢ ነው። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ቦሌ 25 ዲግሪ ሞቀ እንበል። ከመደበኛው በ25 በለጠ። ለእያንዳንዱ ትርፍ ዲግሪ 120 ጫማ አስቡ፣ 3000 ይመጣል። ከ7600 ጋር ሲደመር 10,600 ጫማ። አውሮፕላኑ ቦሌ ቆሞ እንጦጦ አናት ላይ ያለ ነው የሚመስለው።

ውጤቱ ምንድን ነው? የአብራሪው መለኪያ 150 ኖት ሲያሳይ፣ ነፋስ ከሌለ ጎማው መሬት ላይ ወደ 175 ኖት እየሮጠ ነው። አንድ ኖት በሰዓት 1.852 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ከ320 ኪሎ ሜትር በላይ ሆነ። ጎማ የፍጥነት ጣሪያ አለው፣ ፍሬን የሚችለው ሙቀት ልክ አለው፣ መንደርደሪያውም ማለቂያ አለው። ሞተሩም በበኩሉ ጉልበቱ ቀንሷል። ስለዚህ የመነሻ ክብደት ይገደባል። ክብደት ሲገደብ ወይ መንገደኛና ጭነት ይቀራል ወይ ነዳጅ። ነዳጁን ቀንሶ መንገድ ላይ መሙላት ይሻላል ማለት ነው። በዚያ ላይ ወደ ምዕራብ ስትሄድ ላይኛው ነፋስ ብዙውን ጊዜ ከፊት ነው የሚመጣው፤ ሲመለስ ከኋላ ይገፋሃል።

የቦሌው፦ ለዚህ እኮ ነው አዲሱ ኤርፖርት ቢሾፍቱ የሚሠራው!

ሄለን መ.፦ ለዚህ ብቻ አይደለም፣ ቦሌ ስለጠበበ ነው። ደግሞ እስከዚያ ድረስ ታክሲ ስንት ሊጠይቁን ነው?

የቦሌው፦ ባቡር ይኖራል ተብሏል።

ሄለን መ.፦ ተብሏል! ባቡሩ እስኪመጣ በምን ልሂድ? የተነሱት ገበሬዎችስ?

የቦሌው፦ አንቺ ደግሞ ሁሉን ነገር ወደ ፖለቲካ…

ዲስፓቸሩ፦ ታክሲውንና ካሳውን ሌላ ቦታ ተከራከሩ። ቢሾፍቱ ከቦሌ በ400 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል፣ ወደ 1300 ጫማ ማለት ነው። ለእኔ ቢጤ ስሌት ለሚሠራ ሰው 1300 ጫማ ትልቅ ስጦታ ነው። ኤርፖርቱ የሚሠራበት ምክንያት ግን እሱ ብቻ አይደለም፣ ሄለን ልክ ናት። ቀጥሎ።

አቤል19፦ ጋሼ፣ አውሮፕላን በስንት ፍጥነት ነው የሚሄደው?

ዲስፓቸሩ፦ የቱ ፍጥነት? መጀመሪያ ምን አልኩ?

አቤል19፦ ያው… ወንበሩ ላይ ያለው ስክሪን የሚያሳየው።

ዲስፓቸሩ፦ እንዲህ በለኛ። እሱ ግራውንድ ስፒድ ነው፣ ከመሬት አንጻር። ነፋስ ከኋላ ሲገፋ በሰዓት ከ1000 ኪሎ ሜትር ሊያልፍ ይችላል፣ አውሮፕላኑ ግን አየሩን በዚያ ፍጥነት እየቀደደ አይደለም። በአየሩ ውስጥ የሚሄድበት ትሩ ኤርስፒድ ነው። አብራሪው ፊት ያለው መለኪያ ኢንዲኬትድ ነው። ከድምፅ ፍጥነት ጋር ሲነጻጸር ማክ ይባላል። አራት ናቸው፣ አታደባልቋቸው።

ትዕግስት ከሪያድ፦ ጋሽዬ፣ ትኬቴ ከአዲስ አበባ መነሻ 03:15 ይላል። በእኛ ሰዓት ስንት ነው? ባለፈው እህቴ ተሳስታ አመለጣት።

ዲስፓቸሩ፦ ትኬት ላይ የሚጻፈው የመነሻው አገር ሰዓት ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። 03:15 በሐበሻ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከሩብ ነው። ቀኑን ግን ልብ በይ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው። 12ኛው ቀን 03:15 ከተባለ፣ በ11ኛው ማታ እራትሽን በልተሽ ኤርፖርት ትሄጃለሽ ማለት ነው። «በ12 ነው» ብለሽ ከተኛሽ አመለጠሽ።

እግረ መንገዴን፣ እኛ በሥራ የምንጠቀመው ዙሉ ሰዓትን ነው፤ ዓለም ሁሉ የሚስማማበት አንድ ሰዓት። ከዙሉ ላይ 3 ስትቀንሱ የሐበሻ ሰዓት ታገኛላችሁ፤ ዙሉ 12 ከሆነ እኛ ጋ ቀን 9 ሰዓት ነው።

ናቲ ፊልም፦ አየር ላይ ስቶል ሲያደርግ ሞተሩን እንደገና ማስነሳት ይቻላል?

ዲስፓቸሩ፦ እህህ። ስቶል የሞተር ጉዳይ አይደለም። ከመኪና ተውሳችሁ ነው እንዲህ የምትሉት። ስቶል የክንፍ ነው። ክንፉ ከሚመጣበት አየር ጋር የሚሠራው አንግል አለ፣ አንግል ኦፍ አታክ ይባላል። አንግሉ ከልክ ሲያልፍ አየሩ የክንፉን የላይኛውን ገጽ ይዞ መፍሰሱን ትቶ ይላቀቃል፣ ክንፉ የማንሳት ኃይሉ ይወድቃል። ሞተሮቹ ሁለቱም እያገሱ ስቶል ሊደረግ ይችላል። መፍትሔው መጀመሪያ አፍንጫውን ዝቅ አድርጎ አንግሉን መቀነስ ነው። አፍንጫ ወደ ላይ ቀና ማለቱም ከአንግል ኦፍ አታክ ጋር አንድ አይደለም። የሚለካው ከአየሩ ነው እንጂ ከአድማሱ አይደለም። ከምን? ከምን? ከምን?

ናቲ ፊልም፦ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 አደጋስ? ዩቲዩብ ላይ አንድ ፓይለት አብራሪዎቹ…

የቦሌው፦ ናቲ፣ ተው። ጥፋቱ የማን እንደነበር ዓለም ያውቃል።

ናቲ ፊልም፦ መጠየቅ አይቻልም እንዴ?

ዲስፓቸሩ፦ ቃሉን ልንገርህና ይብቃ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 10 ቀን 2019 አንግል ኦፍ አታክን የሚለካው አንዱ መሣሪያ የተሳሳተ ቁጥር ሰጠ። ኤምካስ የተባለው የቦይንግ ሲስተም ያንን አምኖ፣ ስቶል በሌለበት አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ ታች ገፋ። 157 ሰው አለቀ። ዘመዶቻቸው እዚህ መሀላችን ሊኖሩ ይችላሉ። በቪዲዮ አደጋ አትመርምሩ። ቀጥሎ።

ሜሮን፦ ቪ ዋን ምንድን ነው? ኮክፒት ቪዲዮ ላይ ይጮሃል።

ዲስፓቸሩ፦ ጥሩ ጥያቄ። ለመቆም መወሰን የሚቻልበት የመጨረሻው ፍጥነት ነው። ከእሱ በፊት ሞተር ቢጠፋ ይቆማል፣ ካለፈ በኋላ ግን ቢጠፋም ይነሳል፤ የቀረው መንደርደሪያ ለመቆም አይበቃውምና። ቪዲዮውን መልሰሽ ተመልከቺ፦ «ቪ ዋን» ሲባል ካፒቴኑ እጁን ከሞተሩ ማንሻዎች ላይ ያነሳል። ከዚህ በኋላ የማቆም ሐሳብ የለም ማለቱ ነው። ቀጥሎ «ሮቴት» ይባላል፣ አፍንጫው ይነሳል። ቪ ቱ ደግሞ በአንድ ሞተር እንኳ በደህና የሚወጣበት ፍጥነት ነው። እነዚህ ቁጥሮች በየበረራው እንደ ክብደቱ፣ እንደ ሙቀቱና እንደ መንደርደሪያው ይሰላሉ። ቦሌ ላይ ደግሞ…

ሄለን መ.፦ ጋሼ፣ ቦሌን ገባን 😄

ዲስፓቸሩ፦ አልገባችሁም፣ ግን ይሁን።

ዮኒ፦ የአየር ኪስ ውስጥ ስንገባ ለምን ወደ ታች እንወርዳለን?

ዲስፓቸሩ፦ ኪስ የሚባል ነገር የለም። ቱርቡለንስ ነው፣ የአየር መናወጥ። ቀበቶህን እሰር።

ሊያ፦ ጥቁሩ ሳጥን?

ዲስፓቸሩ፦ ብርቱካናማ ነው። ሁለት ናቸው፤ አንዱ የኮክፒት ድምፅ፣ ሌላው የበረራ መረጃ ይቀዳል።

አቤል19፦ ካፒቴኑ 38,000 ጫማ ላይ ነን ሲል ከመሬት ነው?

ዲስፓቸሩ፦ ከምን ብለህ ጠየቅክ፣ ተምረሃል። ከመሬት አይደለም። ከተወሰነ ከፍታ በላይ ሁሉም አውሮፕላን መለኪያውን በአንድ መደበኛ ግፊት ላይ ያደርጋል፣ 1013 ሄክቶፓስካል። እንዳይጋጩ ነው። ፍላይት ሌቭል 380 የሚባለው እሱ ነው። እውነተኛው ከፍታ በመቶዎች ጫማ ሊለይ ይችላል፤ ሁሉም በእኩል ስለሚሳሳቱ ግን ርቀታቸው ይጠበቃል።

ብሩክ_አትላንታ፦ ሰላም፣ አሁን ነው የገባሁት። ዳይሬክትና ኖንስቶፕ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ዲስፓቸሩ፦ ከላይ አለ።

ብሩክ_አትላንታ፦ ረጅም ነው፣ ባጭሩ ቢነግሩኝ…

ዲስፓቸሩ፦ አንብብ፣ ወንድሜ።

ኪያ፦ ጋሼ፣ ተማሪ ነኝ። በነገሩን መንገድ ድሬዳዋን ሠራሁት። ከፍታው ወደ 3800 ጫማ ነው ብዬ፣ መደበኛው ሙቀት 7 ዲግሪ ከምናምን መጣልኝ። ቀኑ 35 ዲግሪ ከሆነ ትርፉ 27 ከምናምን፣ በ120 ሳባዛው 3300 ገደማ። ድምሩ 7100 ጫማ። ልክ ነው?

ዲስፓቸሩ፦ ልክ ነው! አሁን ቦሌን በብርድ ሌሊት በ10 ዲግሪ ሥሪው።

ኪያ፦ 7600 ሲደመር 1200… 8800። እንዴ፣ ከድሬዳዋ ቀትር ይበልጣል?

ዲስፓቸሩ፦ ይበልጣል። ነገ ደግሞ ነፋስና ዝናብ እጨምርልሻለሁ፣ እርጥብ መንደርደሪያ ላይ ቪ ዋን ለምን ዝቅ እንደሚል እንሠራለን። ዛሬ ፈረቃዬ ደርሷል።