ለሪንጉ ቅለል፣ ለበረዶው ክበድ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አራቱ ስለ ኪክቦክሲንግና ስለ ስፒድ ስኪ (የበረዶ ቁልቁለትን በስኪ በተቻለ ፍጥነት መውረድ) ናቸው። ተመካክራችሁ ነው እንዴ? ለማንኛውም አንድ ላይ ላስተናግዳቸው።

ጥያቄ፦ ኪክቦክሲንግ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ፣ ከብሔራዊ ቡድን ጋር ሁለት ጊዜ ውጭ ወጥቼ ተወዳድሬያለሁ። ከሦስት ዓመት ወዲህ ስፒድ ስኪ ገብቼ እሱም ላይ ዓለም አቀፍ ውድድር ጀምሬያለሁ። የኪክቦክሲንግ አሰልጣኜ “ከ71 ኪሎ እንዳታልፍ” ይለኛል። የስኪው ደግሞ “ብላ እንጂ፣ ቀለህ እኮ ነው ወደ ኋላ የምትቀረው” ይለኛል። ማንን ልስማ?
— መሃል የቀረሁት

መልስ፦ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ችግርህም እሱ ነው።

ስፒድ ስኪ ላይ ሞተር የለም። ቁልቁለቱ ውስጥ ትገባለህ፣ ደረትህን ጭንህ ላይ ታጥፋለህ፣ አለቀ። ወደ ታች የሚስብህ ክብደትህ ነው፣ የሚይዝህ ደግሞ በዋናነት አየሩ። ፍጥነትህ እጥፍ ሲሆን የአየሩ ግፊት አራት እጥፍ ስለሚሆን፣ የሆነ ቦታ ላይ ሁለቱ እኩል ይመጡና ከዚያ በላይ አትፈጥንም። አሥር ኪሎ ብትጨምር ግን ትከሻህ ያን ያህል አይሰፋም። አየሩ የሚያገኘው ገላ ብዙም ሳይለወጥ የሚስብህ ክብደት ጨመረ ማለት ነው። “ብላ” የሚባለው ለዚህ ነው። ፈረንሳዊው ሲሞን ቢሊ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2023 እዚያው ፈረንሳይ፣ ቫር ላይ፣ በሰዓት 255.5 ኪሎ ሜትር ሲወርድ ፍጥነቱ የሚለካበትን 100 ሜትር የጨረሰው በ1.4 ሰከንድ ነው። እዚያ ላይ ትንሽ ወጣ ያለ ክርን እንኳ ያስከፍልሃል።

ሪንግ ላይ ተቃራኒው ነው። 71 ውስጥ ከገባህ ከአንተ አጠር ያለ ሰው ይደርስሃል፣ ክንድህና እግርህ ቀድሞ ያገኘዋል። አሰልጣኝህ አልተሳሳተም።

እኔ ብሆን ግን 71ን እተወዋለሁ። በዋኮ (በዓለም አቀፉ የኪክቦክሲንግ ማኅበር) ውድድር ከ71 ኪሎ ምድብ ቀጥሎ 75 አለ፣ ከዚያ 81። ሳትራብ የምትቆምበት ላይ ተጋጠም። ይሄን የምለው ከመጽሐፍ አንብቤ አይደለም። በወጣትነቴ ለአንድ ውድድር ሁለት ኪሎ ተኩል ለመጣል ፕላስቲክ ለብሼ ሮጫለሁ፣ ሌሊቱን አፌን በውኃ እየተጉመጠመጥኩ እተፋ ነበር። ሚዛኑን አለፍኩ፣ ጨፈርኩም። ሁለተኛው ዙር ላይ እግሬን ለእርግጫ ሳነሳ ግን ጭኔ የእኔ አልነበረም። ዙሩ ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው፤ የዚያን ቀን ግን አላልቅ አለኝ። ደግሞ አንድ ሰው “ውኃ የሚያስወጣ ኪኒን አለ” ካለህ ጥለኸው ሂድ። እነዚህ መድኃኒቶች ውድድር ኖረም አልኖረም ዓመቱን ሙሉ የተከለከሉ ናቸው። ከተገኘብህ የምትታገደውም ከቡጢው ብቻ አይደለም፤ ቅጣቱ ተከትሎህ በረዶው ላይ ይወጣል።

የቀን መቁጠሪያው እንኳ ከአንተ ጋር ነው። የስኪው ውድድር የሚበዛው ከጥር እስከ መጋቢት ነው፣ ትልልቆቹ የኪክቦክሲንግ ሻምፒዮናዎች ደግሞ ብዙ ጊዜ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ይውላሉ። ስለዚህ ከኅዳር በኋላ ቀስ ብለህ ክብደት ጨምር፣ ከመጋቢት በኋላ ቀስ ብለህ ቀንስ። ቀስ ብለህ ነው ያልኩህ!

ያልጠየቅከኝን አንድ ነገር ልጨምር፣ እኔን በጣም የሚያስጨንቀኝ እሱ ነው። ኅዳር ላይ በዝረራ ብትሸነፍ፣ ወይም ልምምድ ላይ ተመትተህ ለሁለት ሰከንድ ብዥ ቢልብህ፣ ለስኪ አሰልጣኝህ ትነግረዋለህ? ብዙ ሰው አይናገርም። አንዱ ጂም ውስጥ የሆነውን ሌላው አይሰማም። የተናጋ አንጎል ሚዛን ይስታል፣ ዘግይቶ ይመልሳል። በእሱ ጭንቅላት 200 ላይ መውረድ ማበድ ነው። ሁለቱ አሰልጣኞችህ ስልክ ይለዋወጡ። አንድ ሐኪም ይኑርህ፣ ሁለቱንም ስፖርት የሚያውቅ። እሱ ፈቃድ ሳይሰጥህ ተራራው ላይ አትውጣ።

ጥያቄ፦ የ21 ዓመት ልጄ ሁለቱንም እሠራለሁ ብሎ እንቅልፍ ነስቶኛል። አንዱን አስተዪው ብባል የትኛውን ላስተወው?
— እናት ነኝ

መልስ፦ እናቴ፣ ማስተዉ ራሱ መሳካቱን እንጃ። የስኪው ሰዎች ነገር በዘር ይሄዳል፤ ከላይ ያነሳሁት የሲሞን ቢሊ አባት ፊሊፕ ቢሊም በጊዜው የዓለም ክብረ ወሰን ባለቤት ነበር። እርስዎ ቤት እንኳ ያ የለም፣ ተመስገን ይበሉ።

በረዶው ላይ መውደቅ አዘውትሮ አይመጣም፣ ሲመጣ ግን ከባድ ነው። መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፣ ዛፍም ምሰሶም የለበትም። የወደቀው ሰው ረጅም ርቀት ይንሸራተታል፣ ያ ልጥፍ ብሎ የሚለበስ ልብስ ከበረዶው ጋር ሲፋተግ ቆዳ ያቃጥላል። ጅማትም ይበጠሳል። ቡጢው ደግሞ ሌላ ነው፤ ትንሽ ትንሽ እየተጠራቀመ ነው የሚጎዳው። የጭንቅላት መከላከያው ቅንድብ እንዳይተረተር ይረዳል፣ አንጎል እንዳይናወጥ ግን አያስቀርም። እኔን ከጠየቁኝ የበለጠ የምፈራው ይሄኛውን ነው።

ግን ኪክቦክሲንግ ሁሉ አንድ አይደለም። ፖይንት ፋይቲንግ የሚባለው ምንጣፍ ላይ ነው፤ አንዱ ሲነካ ዳኛው ያስቆምና ነጥብ ይሰጣል። ላይት ኮንታክት ላይም በሙሉ ኃይል መምታት ክልክል ነው። ኬ-ዋን ግን ሪንግ ላይ ነው፣ በሙሉ ኃይል፣ ጉልበትም ጭን መምታትም ተፈቅዶ። ልጅዎን የትኛውን እንደሚሠራ ይጠይቁት። ከዚያ አሰልጣኙን በሳምንት ስንት ቀን ጭንቅላት ላይ እንደሚመታቱ ይጠይቁት። መልሱ ላይ ከተንተባተበ ጂም ያስቀይሩት።

ጥያቄ፦ ሁለቱም ኦሎምፒክ ላይ የሌሉት ለምንድን ነው?
— ተከራካሪው

መልስ፦ ስፒድ ስኪ አንዴ ብቅ ብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1992 የአልበርትቪል ኦሎምፒክ ላይ ለማሳያ ያህል ተካሂዶ ፈረንሳዊው ሚካኤል ፕሩፈር በሰዓት 229 ኪሎ ሜትር አልፎ አሸነፈ። ነገር ግን በዚያው ውድድር አንድ የስዊስ ተወዳዳሪ፣ ከመወዳደሪያው መንገድ ውጭ እያሟሟቀ ሳለ፣ ከበረዶ መደልደያ ማሽን ጋር ተጋጭቶ ሞተ። ስፖርቱም ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም። ኪክቦክሲንግን ዓለም አቀፉ ኦሎምፒክ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2021 ሙሉ እውቅና ሰጥቶታል፣ ግን እውቅና ማለት ውድድር ውስጥ ገባ ማለት አይደለም። ከጓደኛህ ጋር የተከራከርከው በዚህ ከሆነ አቻ ወጥታችኋል።

ጥያቄ፦ ሞተር ሳይክል 200 ነድቻለሁ፣ ፍጥነት አልፈራም። ስኪ የጀመርኩት ባለፈው ዓመት ነው። ስፒድ ስኪ ውድድር እንዴት ልመዝገብ?
— አልፈራም

መልስ፦ ራስህን አታስመዘግብም። ዓለም አቀፉ የስኪ ፌዴሬሽን የሚያውቀው የአገርህን ፌዴሬሽን ነው፣ ፈቃዱም ስምህም በእሱ በኩል ነው የሚሄደው። ኪክቦክሲንግም እንደዚሁ ነው። ደግሞም በአንድ ዓመት ልምድ ተው። ጀማሪ የሚገባው በተለመደው የቁልቁለት ስኪ ዕቃ በሚሮጥበት ክፍል ነው፤ ያንን 2 ሜትር ከ40 የሚደርስ ረጅም ስኪና ያንን ትከሻ የሚሸፍን ሄልሜት ገና አታልመው። መነሻህም ከጫፍ አይሆንም። ከታች ይጀመራል፣ ከዚያ በየዙሩ መነሻው ከፍ እያለ ይሄዳል።

ፍርሃት እንደሌለህ አምኛለሁ። ግን መጨረሻውን መስመር ካለፍክ በኋላ ድንገት ቀና ብትል አየሩ እንደ ግድግዳ ደረትህን መትቶ ወደ ኋላ ይገለብጥሃል። ቀስ ብለህ ትነሳለህ፣ እጅህን ትንሽ በትንሽ ትከፍታለህ፣ ፍጥነቱ ሲበርድ ሰፊ ኩርባ እየሠራህ ትቆማለህ። ይሄን ብቻ በዝቅተኛ ፍጥነት ወራት ተለማመደው። ሞተር ሳይክልህ እኮ ፍሬን አለው።