ውኃ የሞላ ጀሪካን በስበት ኃይል ሲስብ በዓይኔ አይቻለሁ

«አጠገብ ለአጠገብ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች በእርግጥ ይሳሳባሉ? ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼስ ይህን በዓይን ላሳያቸው እችላለሁ?» ብለው ለጠየቁት መምህርት፦ አዎን፣ ይሳሳባሉ፤ ማሳየትም ይቻላል። እኔ አሳይቻለሁ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ሙሉ ክረምትና የወር ደመወዜን እኩሌታ አባክኛለሁ፤ የምጽፍልዎት እርስዎ እንዳይደግሙት ነው።

የኒውተንን የስበት ቀመር ያውቁታል። ተማሪን የሚይዘው ቁጥሩ ነው። እያንዳንዳቸው 60 ኪሎ ግራም የሆኑ ሁለት ሰዎች በ1 ሜትር ርቀት የሚሳሳቡበት ኃይል የአንዲት ጤፍ ፍሬ ክብደት አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። መሬት ላይ ሰበቃው ያስቀራቸዋል። ከሁሉም ርቀው ሕዋ ውስጥ ቢንሳፈፉ ግን በሦስት ሰዓት ገደማ ውስጥ ተሳስበው ይገናኛሉ። ይህን ስናገር የኋላ ወንበር ተማሪዎች እንኳ ቀና ይላሉ።

አንደኛ፣ ብረት የሚባል ነገር አያስጠጉ። እኔን ያከሰረኝ ይህ ነው። በትምህርት ቤታችን ዕቃ ግምጃ ቤት ማግኔት የማይስባቸው ሁለት ትልልቅ የእርሳስ ማዕድን ኳሶች ለዓመታት አቧራ ለብሰው ተቀምጠዋል። ልዋሳቸው ብሄድ ኃላፊው ቀና ብሎ ሳያየኝ «በደብዳቤ ነው» አለኝ። ደብዳቤ አመጣሁ፤ «ማኅተም ይጎድለዋል»። ማኅተም አስመታሁ፤ «ኮሚቴ ይወስን»። ለተማሪ የተገዛ ዕቃ ተማሪ ሳያየው ያረጃል! ሦስት ሳምንት ተመላልሼ ሲመረኝ በገዛ ገንዘቤ የብረት የሚዛን ድንጋዮችና ከአሮጌ ኩሽኔታ የወጡ ኳሶች ገዛሁ። በወላጆች ቀን ኳሶቹን ከእንጨት ጫፍና ጫፍ አስሬ ሰቀልኩ፤ ድንጋዮቹን ሳስጠጋ እንጨቱ ወዲያው ዞረ። አዳራሹ አጨበጨበ። አንዲት ባልደረባዬ ብቻ «ለምን እንዲህ ፈጠነ?» አለችኝ። ማታ የስፌት መርፌ ባስጠጋ ኳሶቹ ሳቡት። ለካ ለሕዝብ ያሳየሁት ማግኔት ነው! ሰኞ ክፍል ገብቼ ለተማሪዎቼ ስሕተቴን ነገርኳቸው፤ ከዚያን ቀን ወዲህ የሚጠይቁኝ ጥያቄ በእጥፍ ጨምሯል።

ሁለተኛ፣ ውኃ ይጠቀሙ። ሁለት ባለ20 ሊትር ጀሪካኖች ይበቃሉ፤ የማንም ፊርማ አያስፈልጋቸውም። ከኤሌክትሪክ ገመድ ውስጥ ፀጉር የሚያህል አንድ የመዳብ ክር ስቤ አወጣሁና ከጣሪያው 60 ሣንቲ ሜትር እንጨት አንጠለጠልኩበት። በጫፎቹ ሃምሳ ሃምሳ ግራም እርሳስ፣ በመካከሉ ትንሽ መስታወት አሰርኩ። የሌዘር ብርሃን ከመስታወቱ ነጥሮ 4 ሜትር ርቆ ካለው ግድግዳ ላይ እንዲያርፍ አደረግሁ። አንዱን ጀሪካን ከእንጨቱ አንድ ጫፍ በፊት በኩል፣ ሁለተኛውን ከሌላው ጫፍ በኋላ በኩል አስጠጋሁ። እንጨቱ አንድ ጊዜ ተወዛውዞ ለመመለስ ሃያ ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል፤ እውነተኛው ስበት እንዲህ ዝግ ያለ ነው። ጀሪካኖቹን ወደ ሌላው ጎን አዛውሬ ብጠብቅ የብርሃኗ ማረፊያ ሁለት ጣት ያህል ፈቀቅ አለች። መልሼ አዛወርኳቸው፤ ተመለሰች። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ትልቁ ጠላት አየር ነው። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ሄንሪ ካቨንዲሽ በ1797 እና በ1798 እያንዳንዳቸው 158 ኪሎ ግራም በሚመዝኑ የእርሳስ ኳሶች ይህንኑ ሲሠራ መሣሪያውን ክፍል ውስጥ ዘግቶ ከውጭ በቴሌስኮፕ ነበር የሚመለከተው። ከለካው ስበት ተነሥቶም የመሬት እፍጋት ከውኃ 5.48 እጥፍ ነው አለ፤ ዛሬ የሚታወቀው 5.51 ነው። እኔ ይህን ያህል አልለካሁም፤ መሳቡን ግን አይቻለሁ።

በጀሪካን ፋንታ ተማሪ ላቁም ብለው ያስቡ ይሆናል። ሞክሬዋለሁ፤ አይሆንም። የገላ ሙቀት አየሩን ያንቀሳቅሰውና የሰውየው ስበት ከነፋሱ ጋር ይደባለቃል። ውኃውም ቢሆን ከቧንቧ እንደተቀዳ ቀዝቃዛ ስለሆነ ያውካል። ስለዚህ ጀሪካኖቹን ከዋዜማው ሞልተው እዚያው ክፍል ያሳድሯቸው፤ መስኮቱን በብርድ ልብስ ይጋርዱ፤ ተማሪዎቹም ብርሃኗን ከደጅ ሆነው በበሩ ስንጥቅ ይመልከቱ።