አንድ ፊልም ስንት ጊዜ ይታያል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ኮሌጅ የገባችው ልጄ ቅዳሜ ሌሊት ከጓደኞቿ ጋር «ዘ ሮኪ ሆረር ፒክቸር ሾው» የሚባል ፊልም ለማየት ትወጣለች። ቦርሳዋ ውስጥ ሩዝ፣ ጋዜጣና የውሃ ሽጉጥ አለ። ደጋግማ ነው የምታየው። ምን ቢሆን ነው ብዬ እኔም ቤት ብቻዬን ከፍቼ አየሁት። ዘፈኖቹ ደስ ይላሉ። ታሪኩ ግን አይያያዝም፣ መሐል ላይ ይጎትታል፣ ዋናው ሰውዬ ደግሞ በሴት የውስጥ ልብስ ነው የሚዞረው። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሰው ምን አግኝቶበት ነው?
(አንዲት እናት)

መልስ፦ እህቴ፣ ያዩት ልክ ነው። ታሪኩ ይንገዳገዳል፣ መሐሉም ይጎትታል። ፊልሙ እ.አ.አ. በ1975 ሲወጣም ብዙ ሰው እንደ እርስዎ ነበር ያለው። እኔ ግን በጣም እወደዋለሁ። ስለዚህ ትንሽ ልሟገትለት።

ደራሲው ሪቻርድ ኦብራየን እንግሊዝ ተወልዶ ኒውዚላንድ ያደገ ሰው ነው። ሃሚልተን በምትባል ከተማ ፀጉር አስተካካይ ነበር። ከሥራ ሲወጣ በርካሽ የተሠሩ የጭራቅና የሌላ ፕላኔት ፍጡራን ፊልሞችን ሲያይ ያመሻል። በኋላ ለንደን ሄደ። እዚያ ሥራ የሌለው ተዋናይ ሳለ፣ እነዚያን ፊልሞች ከሮክ ኤንድ ሮል ጋር አዋህዶ የሙዚቃ ድራማ ጻፈ። ድራማው በጁን 1973 በሮያል ኮርት ቴአትር፣ ፎቅ ላይ ባለች 63 መቀመጫ ብቻ ባላት ክፍል ተከፈተ። የፊልሙ መክፈቻ ትዝ ይልዎታል? ጥቁር ስክሪን ላይ ቀይ ከንፈር ብቻ የሚዘፍንበት? ከንፈሩ የተዋናይት ፓትሪሺያ ኩዊን ነው፤ ድምፁ የኦብራየን። ዘፈኑ የድሮ ፊልሞችን እየጠራ ያወድሳል። እኔን የማረከኝ እዚያው ላይ ነው። ሰውዬው በወጣትነቱ የወደደውን ነገር አላፈረበትም።

ፊልሙ ሲወጣ ግን ከሰረ። ሎስ አንጀለስ ውስጥ አንድ ሲኒማ ቤት ብቻ ይሞላ ነበር። የፊልሙ ባለቤት የፎክስ ኩባንያ ሰዎች ጠጋ ብለው ሲያዩ የሚመጡት እነዚያው የትናንቶቹ ሰዎች ናቸው። ይህን ይዘው በኤፕሪል 1976 ኒውዮርክ፣ ግሪንዊች ቪሌጅ በነበረው ዌቨርሊ ሲኒማ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ማሳየት ጀመሩ። በዚያው ዓመት፣ የፊልሙ ገጸ ባሕርይ ጃኔት ጋዜጣ ራሷ ላይ አድርጋ በዝናብ ስትሄድ፣ አንድ መምህር ከመቀመጫው «ዣንጥላ ግዢ!» ብሎ ጮኸባት ይባላል። አዳራሹ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ሌላውም የራሱን ምላሽ ይዞ ይመጣ ጀመር።

የእርስዎ ቅሬታ መልሱ እዚህ ጋ ነው። ያ የጎተተብዎ ቦታ የተመልካቹ ተራ ነው። ተዋናዩ አንድ ቃል ተናግሮ ዝም ይላል፤ በዚያች ዝምታ ውስጥ አዳራሹ ሙሉ ይመልስለታል። አዝማሪ ቤት ገብተው «ተቀበል» ብለው ያውቃሉ? አዝማሪው ሰምቶ ይመልስልዎታል። ፊልም ግን አይሰማም፤ አይለወጥምም። የፊልሙ ተራኪ የት ላይ ትንፋሽ እንደሚወስድ ሁሉም በቃሉ ያውቀዋል። ስለዚህ ምላሹ ለዚያች ክፍተት ተለክቶ ይዘጋጃል፤ የአምናው ከሰለቸ በአዲስ ይተካል። ቤት ብቻዎን ሲያዩት የሰሙት የንግግሩን ግማሽ ነው። በደንብ ተሠርቶ ያለቀ ፊልም ቢሆን ኖሮ ለተመልካቹ ቦታ አይተርፍም ነበር ብዬ አምናለሁ።

እኔ ያየሁት ሙኒክ ነው፣ ሙዚየም ሊሽትሽፒለ በሚባል ትንሽ ሲኒማ። ከ1977 ጀምሮ በየሳምንቱ ያሳዩታል። ጀርመንኛዬ ገና ስለነበር ከጩኸቱ ብዙው አልገባኝም። ፊልሙ ውስጥ ያለው ሠርግ ላይ ሩዝ ወረደብን። ከዚያ አጠገቤ የተቀመጡ ሽበታም ሴትዮ ጋዜጣቸውን ለሁለት ቀደው ግማሹን ሰጡኝና ወደ ኋላ አመለከቱኝ። ከኋላችን ያሉት የውሃ ሽጉጣቸውን ደግነዋል። ፊልሙ ውስጥ ሲዘንብ እኛም ላይ ዘነበ። በዚያ ከተማ የማላውቀው ሰው እንዲያ ቀርቦኝ አያውቅም ነበር።

ስለ ሰውዬው ልብስም ሳልሸፋፍን ልንገርዎት። ፊልሙ የአዋቂ ነው። ወሲብ አለበት፣ ግድያ አለበት። ዋናው ሰውዬ ዶክተር ፍራንክም ደግ ሰው አይደለም። ቲም ከሪ ግን አንዳች ሳይሸማቀቅ ስለሚጫወተው ዓይን ከእሱ ላይ አይነቀልም። በ1970ዎቹ በአለባበሳቸው ወይም በሚያፈቅሩት ሰው ምክንያት ከቤትም ከሰፈርም የተገፉ ብዙ ወጣቶች ነበሩ። ያ አዳራሽ ማንም የማይስቅባቸው ቦታ ሆነላቸው። ዓይን አፋሩም፣ ብቸኛውም ተከተለ። ዛሬም በብዙ ከተሞች ወጣቶች እንደ ተዋንያኑ ለብሰው ስክሪኑ ፊት ይቆሙና ፊልሙን ከፊልሙ ጋር እኩል ይጫወታሉ። መልክና ቁመት አይጠየቅም። ልጅዎ ለምን እንደምትሄድ ግን ከራሷ አፍ ይስሙት። በደስታ የምትነግርዎት ይመስለኛል።

ሰው ለዚህ ፊልም ያለው ፍቅር ምን ያህል እንደሆነ ለማወቅ ከፈለጉ የኦሪገኗን ፖርትላንድ ይመልከቱ። ክሊንተን ስትሪት ቲያትር ፊልሙን ከ1978 ጀምሮ ያሳያል። በ2020 ኮሮና ሲኒማ ቤቶችን ሲያዘጋ፣ ልማዱ እንዳይቋረጥ ብለው በባዶ አዳራሽ ማሳየቱን ቀጠሉ።

ምክሬ፦ አንድ ቅዳሜ አብረዋት ይሂዱ። ቀደም ብላችሁ ሲኒማ ቤቱን ጠይቁ፤ ሩዝና ውሃ የሚከለክሉ አሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመጣ ሰው ግንባሩ ላይ በቀይ ሊፒስቲክ «ቪ» የምትል ፊደል ሊጻፍበት ይችላል፤ እንዳይደነግጡ። ስድብ የሚመስል ጩኸትም ይሰማሉ፤ የሚሰደበው ስክሪኑ ነው። «ታይም ዋርፕ» የሚባለው ዘፈን ሲጀምር ሁሉም ይነሳል። እርምጃውን አላውቀውም ብለው እንዳይቀመጡ፤ ተራኪው ራሱ አንድ በአንድ ይነግርዎታል።